ስለ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ትምህርት

አንበሳሜ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ በደራ አገር ያለች ከተማ ናት። ከዚያ ወደ ደጋው የሚወጣ ሰው ደብረ ታቦርን ያገኛል፤ በደብረ ታቦርም አጠገብ ጋፋት የሚባል ቦታ አለ። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን በጋፋት የተቀመጡ ፈረንጆች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ወንጌልን ሊያስተምሩ የመጡ ባለ እጆች ነበሩ፤ ንጉሡ ግን ከስብከታቸው ይልቅ የእጃቸውን ሥራ ወደዱትና መድፍ አሠሯቸው። በዚያውም ለአገሩ ልጆች ፊደልንና የእጅ ሥራን ያስተምሩ ነበረ። ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ የተሠራው በዚህ ስፍራ ነው።

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መድፉን በብዙ ሰው እያስጎተቱ፣ ወደ መቅደላ ጕዞ ጀመሩ። ገደሉ እየተናደ መንገድ እየተሠራ ይሄዱ ስለ ነበረ ጕዞው እስከ መጋቢት ወር ፈጀ። የእንግሊዝ መንግሥት ደግሞ የታሰሩበትን ሰዎች ለማስፈታት ናፒየር የሚባለውን ጄኔራል ላከ። ሠራዊቱ ከሕንድ አገር በመርከብ ተጭኖ በቀይ ባሕር ዳር ወረደ፤ 44 ዝሆኖችም አብረውት መጡ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ተያዘች፤ ዐፄ ቴዎድሮስም እጃቸውን ለጠላት ከመስጠት ሞትን መርጠው ራሳቸውን ገደሉ።

በዚያች ዕለት በአምባው ላይ ብዙ ሕፃናት ነበሩ። ከእነርሱ መካከል የሁለቱን ስም ታሪክ ጠብቆታል። አንደኛው የንጉሡ ልጅ ዓለማየሁ ነው፤ ዕድሜው ሰባት ዓመት ነበረ። ሁለተኛው የጎንደር ተወላጅ የእሸቴ ልጅ ወርቅነህ ነው፤ እርሱም ገና የሦስት ወይም የአራት ዓመት ሕፃን ነበረ። ሁለቱም ባሕር ተሻግረው ተወሰዱ። ሁለቱም የአገራቸውን ቋንቋ ረስተው እንግሊዝኛ ተማሩ፤ ሁለቱም በዚያ ቋንቋ የሚፈተኑበት ቀን ደረሰባቸው። ዕድላቸው ግን አንድ አልሆነም።

የዓለማየሁ ነገር አጭር ነው፤ የሚያሳዝንም ነው። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ወደ ባሕር ዳር ሲወርዱ በመንገድ ሳሉ በትግሬ አገር ዐረፉ። ልጁን ስፒዲ የሚባል አማርኛ የሚያውቅ መኰንን ተቀብሎ ወደ እንግሊዝ አገር ወሰደው። ንግሥት ቪክቶሪያም አይተው ወደዱት። ልጁ ከስፒዲ ጋራ በነበረበት ጊዜ ቢያንስ አንድ የሚያነጋግረው ሰው ነበረው። የመንግሥቱ ሹሞች ግን ለትምህርቱ ይበጀዋል ብለው ከስፒዲ ለዩት። ከዚያ በኋላ በቼልተናም፣ ቀጥሎም በራግቢ በሚባለው ታላቅ ትምህርት ቤት ተማረ። ጨዋታና ስፖርት ይወድ ነበረ፤ መጽሐፉ ግን አልሠምር አለው። በፈረንጅ ቍጥር በ1878 መኰንን እንዲሆን ሳንድኸርስት ወደሚባለው የጦር ትምህርት ቤት ገባ። በዚያም ደስ አላለውም፤ ትቶም ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1872 ዓ.ም. በኅዳር ወር፣ ሊድስ በሚባል ከተማ በሳንባ በሽታ ሞተ። ዕድሜው 18 ዓመት ነበረ። በዊንዘር ቤተ መንግሥት ቅጥር ውስጥ ተቀበረ። ወደ አገሩ ሊመለስ ይመኝ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ይህን ልጅ ስለ ትምህርቱ መድከም የሚነቅፍ ሰው ቢኖር ፍርዱ ትክክል አይደለም፤ አባቱንና እናቱን በአንድ ወር ጊዜ ላጣ ሕፃን የሚቀድመው ነገር ሌላ ነበረና።

ወርቅነህን ያገኘው ቻምበርሌን የሚባል የእንግሊዝ ኮሎኔል ነው። ሕፃኑ ከወላጆቹ ተለይቶ ብቻውን ነበረ። ማን እንደ ሆነ የሚናገርለት ሰው አልተገኘም፤ እርሱም በሚገባ ለመናገር ዕድሜው አልደረሰም። መኰንኑ አዘነለትና ይዞት ወደ ሕንድ አገር ተሻገረ። ነገር ግን ቻምበርሌን ብዙ ዓመት ሳይቆይ ሞተ። ከዚያ በኋላ ማርቲን የሚባል ሌላ ኮሎኔል የልጁን የትምህርት ወጪ ይከፍል ጀመረ። ስለዚህ ከአንዱ ቻርልስ፣ ከሌላው ማርቲን ተወስዶ ልጁ ቻርልስ ማርቲን ተባለ። ወርቅነህ የሚለው ስም ከሠላሳ ዓመት በላይ ጠፍቶ ኖረ፤ ባለቤቱም አያውቀውም ነበረ።

ልጁ ያደገው ከሕንድ አገር በሰሜን በኩል ባለው ፑንጃብ በሚባል ክፍል ነው። በዚያም የወንጌል መልእክተኞች ትምህርት ቤት ገባ። በውጭ ያለው ሕዝብ በአገሩ ቋንቋ ይነጋገራል፤ በትምህርት ቤት ደግሞ እንግሊዝኛ አለ። አማርኛ የሚናገር ሰው ግን በዚያ አገር አልነበረም። ማንም የማያነጋግረው ቋንቋ እንደማይጠጣ ምንጭ ነው፤ ቅጠል ይወድቅበታል፣ አፈር ይሞላዋል፣ በመጨረሻም ስፍራው ይጠፋል። የወርቅነህም አማርኛ እንዲሁ ጠፋ።

ትምህርቱ ግን ተሳካለት። በላሆር ከተማ ወዳለው የሕክምና ትምህርት ቤት ገብቶ በፈረንጅ ቍጥር በ1882 ተመርቆ ወጣ። ይህ ሲነገር አጭር ነው፤ ሲሠራ ግን አጭር አልነበረም። ዛሬ በአንበሳሜም ሆነ በደብረ ታቦር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚገባ ተማሪ ሳይንሱን በእንግሊዝኛ ሲቀበል የሚያገኘው ድካም ምን እንደ ሆነ ያውቃል። ለገበያና ለሰላምታ የሚበቃ እንግሊዝኛ አንድ ነገር ነው፤ ለፈተና የሚያስፈልገው ከፍ ያለው እንግሊዝኛ ሌላ ነገር ነው። ሕክምና የሚማር ሰው ደግሞ ከዚህም የባሰ ይገጥመዋል። በአንድ ጐልማሳ ሰው አካል ውስጥ 206 አጥንቶች አሉ፤ እያንዳንዱም የራሱ ስም አለው። ከአጥንቱ ቀጥሎ ጅማቱ፣ ከጅማቱ ቀጥሎ የደም ሥሩ፣ ከዚያም በሽታው፣ ከዚያም መድኃኒቱ አለ። ስሞቹ እንግሊዛዊ የተባለ ሁሉ በእናቱ ጕልበት ላይ የሚሰማቸው አይደሉም። እነርሱ በላቲንና በግሪክ ቋንቋ የተሠሩ ናቸውና የእንግሊዝ ልጅ ራሱ እንደ ባዕድ ቋንቋ ያጠናቸዋል።

እነዚህን ቃላት አንድ በአንድ መሸምደድ ከነፋስ ጋራ ገለባ መልቀም ነው። ዛሬ የተያዘው ነገ ይበናል። የሚጠቅመው መንገድ የቃሉን ሥር መያዝ ነው። ለምሳሌ በግሪክ ቋንቋ ጋስተር ማለት ሆድ ወይም ጨጓራ ነው፤ ኔፍሮስ ማለት ኵላሊት ነው፤ ሄፓር ማለት ጕበት ነው። ከቃሉ መጨረሻ ኢቲስ የሚል ሲጨመር ያ የአካል ክፍል መቆጣቱንና ማበጡን ይናገራል። ስለዚህ ጋስትራይቲስ የጨጓራ መቆጣት፣ ኔፍራይቲስ የኵላሊት መቆጣት፣ ሄፓታይቲስ የጕበት መቆጣት ይሆናል። ሦስት ሥርና አንድ ጅራት ያወቀ ተማሪ ሦስት በሽታ አወቀ፤ አራተኛው ሥር ሲመጣም በሽታውን ሳይነግሩት ይገምታል።

ይህ ጥበብ ለኢትዮጵያ ልጅ አዲስ አይደለም። በጎንደርና በጎጃም የቅኔ ቤቶች ግስ የሚባለው ትምህርት ይኸው ነው። ተማሪው ጸሐፈ የሚለውን አንድ ግስ ይይዛል፤ ከእርሱም ጸሓፊን፣ ጽሑፍን፣ ጽሕፈትን፣ መጽሐፍን እያወጣ ይረባል። አንዱን አባት አጥብቆ የያዘ ልጆቹን ሁሉ ያውቃቸዋል። ሌሊት በጨረቃ፣ ቀን በዛፍ ጥላ፣ ቍራሽ ለምኖ የሚማር የአብነት ተማሪ ብዙ ሺህ የግዕዝ ቃል በቃሉ የሚይዘው በዚህ መንገድ ነው፤ መጽሐፍ እንኳ በእጁ የለም። ከእነዚህ ቤቶች የወጣ ሰው ወደ ሌላ ቋንቋ ሲሻገር ቶሎ የሚገባው ስለዚህ ይመስላል። ወርቅነህ ግን ይህን የአባቶቹን ቤት አላየም። በጎንደር ቢያድግ ኖሮ ከቄስ እግር ሥር ተቀምጦ የሚማረውን ነገር በላሆር በሌላ ቋንቋ ተማረው።

ፈተናውም ለእርሱ እንደ ሌላው ተማሪ አልነበረም። ሌላው ቢወድቅ ወደ አባቱ እርሻ ወይም ወደ አጎቱ ሱቅ ይመለሳል። ይህ ልጅ ግን የሚመለስበት ደጅ አልነበረውም። አባቱ የት እንዳለ አያውቅም፤ ያሳደገው ሰው ሞቷል፤ የሚከፍልለትም ሰው እየራራ እንጂ የሥጋ ዘመዱ ሆኖ አይደለም። ስለዚህ በዚያ ወረቀት ላይ የተጻፉት ቃላት እንጀራው፣ ልብሱና ስሙ ነበሩ።

ሐኪም ከሆኑ በኋላ በሕንድ አገር በመንግሥት ሥራ ላይ ጥቂት ዓመታት አገለገሉ። ከዚያም ወደ ስኮትላንድ ተሻግረው በኤዲንብራ ትምህርታቸውን አሻሻሉ፤ በዚያም ተፈትነው አለፉ። ተመልሰውም በበርማ አገር የመንግሥት ሐኪም ሆኑ። ደመወዝ ነበራቸው፤ ማዕርግም ነበራቸው፤ እንግሊዝኛቸውም እንደ አገሩ ተወላጅ ነበረ። በዚህ ዓይነት እስከ ሽምግልና ሊኖሩ ይችሉ ነበረ።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዐድዋ ጦርነት ሆነ። ኢትዮጵያ ኢጣልያን ድል እንዳደረገች የሚናገረው ወሬ በዓለም ጋዜጦች ተጽፎ እስከ በርማ ደረሰ። ሐኪሙ ኢትዮጵያዊ መሆናቸውን ያውቁ ነበረ፤ ከዚያ በላይ ግን ስለ ዘመዶቻቸው የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አገራቸውን ሊያዩ አሰቡ፤ በ1892 ዓ.ም. ገደማም አዲስ አበባ ደረሱ። በከተማው ድንኳን ተክለው በሽተኛ ያክሙ ጀመሩ።

የሐኪሙ ወሬ በተሰማ ጊዜ በመቅደላ ልጅ የጠፋባቸው ቤተ ሰቦች ነገሩን ሰሙ። አንዲት ባልቴት የጠፋው ልጅ የእኔ የልጅ ልጅ ነው ሲሉ መጡ። ማስረጃቸውም በሕፃኑ አካል ላይ የነበረ ጠባሳ ነው። ሐኪሙ ቢታዩ ጠባሳው ተገኘ። የሠላሳ ዓመት ልቅሶ በአንድ ቀን ወደ ደስታ ተለወጠ፤ የወርቅነህም ስም ለባለቤቱ ተመለሰ።

እዚህ ላይ አንባቢው ጥቂት ቢያስብ መልካም ነው። እኒህ ሰው በላሆር ተፈትነው አልፈዋል፤ በኤዲንብራም ተፈትነው አልፈዋል። የ206ቱን አጥንት ስም ያውቃሉ። አያታቸው ግን አቅፈው ሲያለቅሱ የሚሉት ነገር አይገባቸውም ነበረ። በሁለቱ መካከል አስተርጓሚ መቆም ነበረበት። ሐኪሙ በሰውነታቸው የነበረው ጠባሳ የተናገረውን ያህል እንኳ በአፋቸው መናገር አልቻሉም።

ስለዚህ በሠላሳ አምስት ዓመት ዕድሜ ገደማ እንደ ገና ተማሪ ሆኑ። ሐኪም የተባለ ትልቅ ሰው እንደ ሕፃን ተሳስቶ መናገር ያሳፍረዋል። አማርኛም ለእንግዳ ቀላል አይደለም። ቀንና ከን፣ ጠንና ተን፣ ጨንና ቸን መለየት የፈረንጅ አንደበት የለመደ ሰው ጕሮሮውን ያስጨንቀዋል። ደግሞ ላላና ጠበቅ የሚባለው አለ፤ ገና የሚለው ቃል ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፣ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው፤ በጽሕፈት ግን አንድ ናቸው። ይህን ልዩነት ከሁሉ ይልቅ ጆሮ ያስተምረዋል።

ለሐኪም ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ችግር አለ። አገሬው ሕመሙን የሚናገረው በአንድ ቃል አይደለም። ራስ ሲታመም ይፈልጣል፤ ጎን ሲታመም ይወጋል፤ ወገብ ሲታመም ይቈርጠማል፤ ሆድ ሲታመም ይቈርጣል፤ ቍስል ሲታመም ይጠዘጥዛል። እያንዳንዱ ቃል ለሐኪሙ የተለየ ምልክት ነው። አንድ ገበሬ መጥቶ ልቡ እንደሚያቃጥለው ቢናገር፣ ቋንቋውን ከመጽሐፍ ብቻ የተማረ ሐኪም በደረቱ ውስጥ የሚመታውን ልብ ሊመረምር ይነሣል። ገበሬው ግን ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስለ ጨጓራው ነው። እንግዲህ ጋስትራይቲስ የሚለው ታላቅ ቃል ሥራ የሚሠራው ልቤን አቃጠለኝ የሚለው የገበሬ ቃል ሲገባ ነው፤ ያለዚያ መድኃኒቱ በሣጥን፣ በሽተኛውም በሕመሙ ይቀራል።

ሐኪም ወርቅነህ አማርኛን በአንድ ጊዜ አልተማሩትም፤ በኢትዮጵያም ወዲያው አልተቀመጡም። በ1893 ዓ.ም. የዐፄ ምኒልክ ሠራዊት ወደ ሶማሌ አገር ሲዘምት አብረው ሄዱ። ወደ በርማ ተመልሰው ሥራቸውን ሠሩ፤ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ያለው የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው እንደ ገና መጡ፤ ዐፄ ምኒልክንም በሕመማቸው ጊዜ ካከሙት ሐኪሞች አንዱ ሆኑ። ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉን አግብተው ብዙ ልጆች ወለዱ። አሁንም ወደ በርማ ሄደው የመንግሥት አገልግሎታቸውን ፈጸሙና ከ1911 ዓ.ም. በኋላ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ አገራቸው ገቡ።

በዚያን ጊዜ ራስ ተፈሪ መኰንን አልጋ ወራሽ ነበሩ። ቋንቋ የሚያውቅ፣ ዓለምን ያየ ሰው ይፈልጉ ስለ ነበረ ሐኪሙን ለብዙ ሥራ አዘዟቸው። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ሲከፈት የበላይ ተቈጣጣሪ የሆኑት ሐኪም ወርቅነህ ናቸው። በዚያ ትምህርት ቤት ልጆቹ ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ይማሩ ነበረ። ባዕድ ቋንቋ በልጅ አፍ ላይ እንዴት እንደሚከብድ ከእርሳቸው የበለጠ የሚያውቅ ሹም ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ከዚህም ሌላ ከባርነት ነፃ የወጡ ልጆች የሚማሩበትን ቤት ለማቆም ከባልንጀሮቻቸው ጋራ ደከሙ።

በ1920 ዓ.ም. ገደማ የዓለምን ጂኦግራፊ የሚያስተምር መጽሐፍ በአማርኛ ጽፈው አሳተሙ። ለዚህ ታሪክ ከሹመታቸው ሁሉ ይህ መጽሐፍ ይበልጣል። የእናታቸውን ቋንቋ በሕፃንነት ያጡ፣ በጐልማሳነትም ፊደል ቈጥረው የተማሩት ሰው፣ ለኢትዮጵያ ልጆች በዚያው ቋንቋ መጽሐፍ ጻፉላቸው። ስለ ዓለም የሚናገር መጽሐፍ በአማርኛ መጻፍ ቀላል አይደለም። ባሕር የማያይ የደጋ ልጅ ባሕረ ሰላጤ ምን እንደ ሆነ፣ ልሳነ ምድር ምን እንደ ሆነ፣ በረዶ የማይለቀው የምድር ጫፍ ምን እንደሚመስል እንዲገባው ማድረግ አለ። ቃሉ በአማርኛ ባይገኝ ከግዕዝ ይወሰዳል፤ ከግዕዝም ባይገኝ የፈረንጁ ስም በፊደላችን ይጻፋል። በላሆር ለፈተና ብለው የያዙት ቃል ከብዙ ዘመን በኋላ በዚህ ዓይነት ወደ አማርኛ አንባቢ ደረሰ።

በዚያው ዘመን ለደራና ለአንበሳሜ አገር የሚቀርብ ሌላ ነገርም ሠሩ። እንግሊዝና ኢጣልያ ስለ ጣና ሐይቅ ኢትዮጵያን ሳይጠይቁ በፈረንጅ ቍጥር በ1925 ተዋውለው ነበረ። ራስ ተፈሪ ይህን ተቃውመው ለመንግሥታት ማኅበር አቤት አሉ። ከዚያም በ1920 ዓ.ም. ሐኪም ወርቅነህን ወደ አሜሪካ ልከው፣ በጣና ሐይቅ መውጫ ግድብ ስለሚሠራበት ጕዳይ በኒው ዮርክ ከተማ ከአንድ የምሕንድስና ኩባንያ ጋራ እንዲነጋገሩ አደረጉ። የውል ቋንቋ እንደ ሕክምና ቋንቋ ነው፤ አንዲት ቃል ተሳስታ ብትገባ ጕዳቷ ብዙ ነው። በውጫሌ ውል አንዲት የግሥ ትርጕም ስንት ሰው እንዳስጨረሰች ኢትዮጵያውያን ያውቃሉ። ግድቡ በዚያ ዘመን አልተሠራም፤ ጦርነቱ ቀደመው። በሐይቁ መውጫ ላይ ውኃውን የሚይዝ ሥራ የተፈጸመው በ1988 ዓ.ም. ገደማ ነው።

ሐኪም ወርቅነህ በጨርጨር አገር ገዥ ሆነው ከተሾሙ በኋላ በ1927 ዓ.ም. በሎንዶን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ተላኩ። በዚያው ዓመት ማለቂያ የጦርነቱ ደመና ከበደ፤ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ኢጣልያ ኢትዮጵያን ወረረች። እኒህ የሰባ ዓመት ሽማግሌ ለጋዜጣ ጻፉ፤ በጉባኤ ተናገሩ፤ ለቁስለኞችና ለስደተኞች ገንዘብ ለመኑ። ሲልቪያ ፓንክረስት የምትባለው እንግሊዛዊት ለኢትዮጵያ የምትከራከርበትን ጋዜጣ በ1928 ዓ.ም. ስትመሠርት ከእርሷ ጋራ ተባበሩ። መቅደላን የወሰደው ሠራዊት አገር ሰዎች የሚያደምጡት በገዛ ቋንቋቸው ሲናገሯቸው ነውና፣ ያ በሕፃንነት በግድ የተማሩት እንግሊዝኛ የአገራቸው ጠበቃ ሆነ።

ኀዘን ግን አልቀረላቸውም። በውጭ አገር የተማሩት ሁለቱ ልጆቻቸው ዮሴፍና ቢንያም ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በኢጣልያኖች እጅ ተገደሉ። ከመቅደላ አምባ ላይ ያለ አባት የተገኘው ሕፃን በስተርጅና ያለ እነዚህ ሁለት ልጆቹ ቀረ። ወሬው ሎንዶን በደረሰ ጊዜ አባት ሥራውን አልተወም።

ኢትዮጵያ ነፃ ከወጣች በኋላ በ1934 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ዐይናቸው ደክሞ፣ ጕልበታቸው አልቆ ነበረ። አማርኛ በቤታቸው፣ በአደባባይና በፍርድ ቤት ይናገሩበት ነበረ፤ በየቀኑ የሚጽፉትን ማስታወሻ ግን የሚጽፉት በእንግሊዝኛ ነበረ። ያ ማስታወሻ ለልጅ ልጆቻቸው ቀርቶ የሕይወታቸውን ታሪክ የጻፉ ሊቃውንት ተጠቅመውበታል። ሐኪም ወርቅነህ በ1945 ዓ.ም. በመስከረም ወር በአዲስ አበባ ዐረፉ።